አምስት ሰው፣ ሁለት መኝታ ቤትና አንድ ዋስ፦ ከአዲስ አበባ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ የተሻገረ ቤተሰብ የቤት ፍለጋ

ይህ የጉዳይ ጥናት በ2016 ዓ.ም. ክረምት የዲቪ ቪዛ አግኝቶ በመስከረም 2017 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የተሻገረ አንድ ቤተሰብ ቤት ተከራይቶ ራሱን እስኪችል ያለፈበትን መንገድ ይመረምራል። አባትየው በአንድ የግል ድርጅት የሂሳብ ሠራተኛ፣ እናትየው በመንግሥት ሆስፒታል ነርስ ነበሩ፤ የአሥራ አምስት ዓመት ሴት ልጅ፣ የአሥርና የስድስት ዓመት ወንዶች ልጆች አሏቸው። ስማቸውና የሚኖሩበት ሕንፃ በጥያቄያቸው አልተጠቀሰም።

የሜሪላንድ ኪራይ ውድ መሆኑን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም። በዚህ ጉዳይ መታየት ያለበት የኪራይ አሠራሩ ከገንዘቡ በፊት ታሪክ የሚጠይቅ መሆኑ ነው፦ የክሬዲት ታሪክ (ብድርን በወቅቱ የመክፈል መዝገብ)፣ የገቢ ታሪክ፣ ቀድሞ የተከራዩበት ቤት ባለቤት ምስክርነት። ትናንት ከአውሮፕላን የወረደ ሰው እነዚህ ሁሉ የሉትም፤ በእጁ ጥሬ ገንዘብ ቢኖር እንኳ ጎዶሎው አይሞላም። ቤተሰቡ ከአራት ወር በላይ የፈጀበት ይህን ክፍተት መሙላት ነበር።

ወጪው የጀመረው ግን አዲስ አበባ ሳሉ ነው። ለዲቪ ቃለ መጠይቅ በሰው 330 ዶላር፣ ቪዛው ከተሰጠ በኋላ ደግሞ ለግሪን ካርዱ ዝግጅት በሰው 235 ዶላር ይከፈል ነበር፤ ለአምስት ሰው በድምሩ 2,825 ዶላር ሲሆን የሕክምና ምርመራውና ትኬቱ በዚህ ውስጥ የሉም። በዚያው ክረምት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላርም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ቤተሰቡ መኪናውን የሸጠው በሰኔ፣ ቪዛው የተመታለት በነሐሴ ስለነበረ የአምስቱ ትኬት በብር ሲታሰብ እጥፍ ለመሆን ጥቂት ነበር የቀረው። ቪዛው ሳይመታ ትኬት እንዳይገዛ ኤምባሲዎች አጥብቀው ስለሚያሳስቡ፣ ቀድሞ ገዝቶ ማምለጥም የሚመከር አልነበረም። በመጨረሻ በዋሽንግተን አቅራቢያ ያለው ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርሱ በእጃቸው የቀረው 6,800 ዶላር ነበር።

አባትየው በሙያቸው የሂሳብ ሰው እንደመሆናቸው ገና አዲስ አበባ ሳሉ አንድ ዕቅድ ጽፈዋል። ሁለት መኝታ ቤት በ1,800 ዶላር፣ ለማስያዣ ሌላ 1,800፣ ለአልጋና ለፍራሽ 1,000፣ ቀሪው ለምግብና ለመጓጓዣ። አኃዙን ያገኙት ከዘመዶች ጠይቀው ነው። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳትበት ነገር አለ። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ስለ ኪራይ ሲጠየቅ የሚናገረው ራሱ የሚከፍለውን ነው፤ ያ ደግሞ ከስድስትና ሰባት ዓመት በፊት ገብቶ በየዓመቱ በጥቂት በጥቂቱ የተጨመረበት የነባር ተከራይ ዋጋ ነው። ለአዲስ ተከራይ የሚጠየቀው ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ዘመድ አልዋሸም፣ ጠያቂውም አልተሳሳተም፤ ዕቅዱ ግን ከመነሻው ሁለት ሦስት መቶ ዶላር የጎደለው ሆነ።

ለምን ሲልቨር ስፕሪንግ የሚለው ጥያቄም ተገቢ ነው። በኦሃዮ፣ ኮሎምበስ የሚኖሩ የአባትየው ወዳጅ ኪራይ እዚያ በጣም እንደሚቀንስ እየነገሩ ወደዚያ እንዲመጡ ወትውተው ነበር። ነገር ግን ኪራይ ብቻውን አይታይም። በ2024 እ.ኤ.አ. የኦሃዮ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 10.45 ዶላር፣ ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ የምትገኘው የቨርጂኒያ 12 ዶላር፣ የሜሪላንድ 15 ዶላር ሲሆን፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትገኝበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ደግሞ ከ50 በላይ ሠራተኛ ባላቸው ቀጣሪዎች ላይ 17.15 ዶላር ደንግጓል። ሥራ የሚጀምሩት ከዝቅተኛው ክፍያ እንደሆነ ለሚያውቁ ባልና ሚስት ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ከዚያም በላይ የሚያስጠጋቸው ሰው የነበረው እዚህ ነው፤ የእናትየው የአክስት ልጅ በምሥራቅ ሲልቨር ስፕሪንግ ከባለቤታቸው ጋር በሚኖሩበት ቤት ቤዝመንቱን (ምድር ቤቱን) ሊለቁላቸው ፈቃደኛ ነበሩ። በእኔ ግምት ውሳኔው ትክክል ነበር፤ ርካሽ ከተማ የሚጠቅመው ክሬዲትና ሥራ ላለው ሰው ነውና።

የመጀመሪያው መሰናክል ከኪራይ ጋር የማይገናኝ ከሚመስል ቦታ መጣ። በቪዛው ማመልከቻ ላይ የአሜሪካ አድራሻ ሲጠየቁ የሞሉት ቨርጂኒያ የነበረ የአንድ ጓደኛ አድራሻ ነበር። ማመልከቻው ከተሞላ በኋላ ጓደኛው ቤት ቀየረ። በማመልከቻው ላይ ሶሻል ሴኩሪቲ (ባጭሩ ሶሻል፣ ለሥራ የሚያስፈልግ መለያ ቁጥር) ካርድ እንዲላክለት የጠየቀ ሰው ካርዱ የሚመጣለት በዚያ አድራሻ ነው፤ ግሪን ካርዱም እንዲሁ። አምስት ግሪን ካርድና የባልና ሚስቱ ሶሻል ወደማያውቁት ሰው በር ሄደ። ፓስፖርቱ ላይ ያለው ቪዛ ሲገቡ ማኅተም ከተመታበት ለአንድ ዓመት የግሪን ካርድ ያህል ያገለግላልና ሕጋዊነታቸው ላይ ችግር አልነበረም፤ ሶሻል ቁጥሩን ለማግኘት ግን ባልና ሚስቱ ወደ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ሄደው እንደ አዲስ መጠየቅና መጠበቅ ግድ ሆነባቸው። በዚህ መካከል ሥራው ወደ ኅዳር ተገፋ። ሥራው ሲገፋ ለቤት ማመልከቻ የሚያስፈልገው የደመወዝ ደረሰኝ ተገፋ፤ ደረሰኙ ሲገፋ ቤቱ ተገፋ። አንድ የተሳሳተ አድራሻ አንድ ወር ከግማሽ ያህል በላ ማለት ይቻላል። በዚያ መስመር ላይ መሞላት ያለበት ቢያንስ ለአንድ ዓመት ከቦታው እንደማይነቃነቅ የታወቀ ሰው አድራሻ ነው፤ ማመልከቻው ከተላከ በኋላ ቢቀየር እንኳ በኤምባሲው ቃለ መጠይቅ ጊዜ ወይም አሜሪካ ሲገቡ ማስተካከል ይቻላል።

ቤዝመንቱ አንድ ክፍል፣ አንድ መታጠቢያና ከልብስ ማጠቢያው ማሽን አጠገብ የተቀመጠ ትንሽ ምድጃ ነበረው። ቤተሰቡ በወር 700 ዶላር ለምግብና ለመብራት ያዋጣ ነበር። ኪራይ ሳይሆን መዋጮ ነው ተብሎ በቃል የተስማሙበት ስለሆነ ወረቀት አልነበረውም፤ ወረቀት አለመኖሩም ወዲያው ትምህርት ቤት ላይ ታየ። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ልጅ ሲመዘገብ ቤተሰቡ በካውንቲው ውስጥ የሚኖር ለመሆኑ ማስረጃ ይጠይቃሉ፦ ለባለቤት የቤት ግብር ደረሰኝ፣ ለተከራይ የኪራይ ውል። በሰው ቤት የተጠጋ ቤተሰብ የቤቱ ባለቤት አብረው እንደሚኖሩ የሚያረጋግጡበት ልዩ ቅጽ መሙላት አለበት። የአክስት ልጅ ቅጹን ሞሉ፣ የግብር ደረሰኙን አያያዙ፣ ልጆቹም የክትባት ወረቀታቸው ተስተካክሎ ገቡ። የትምህርት ቤቶቹ አስተዳደር መረጃ በአማርኛ ጭምር ስለሚያወጣ ይህ ክፍል ከተፈራው ይልቅ ቀላል ሆነ።

ከባዱ ቤቱ ነበር። አባትየው በአንድ ትልቅ መደብር መጋዘን በሰዓት 17.15 ዶላር በሳምንት 40 ሰዓት፣ እናትየው በአንድ የሆም ኬር ድርጅት በኩል አረጋውያንን እየተንከባከቡ በሰዓት 18 ዶላር በሳምንት 32 ሰዓት ሥራ ጀመሩ። ግብር ሳይነሣ የአባትየው የወር ገቢ 2,973፣ የእናትየው 2,496፣ በድምሩ 5,469 ዶላር ይሆናል። አብዛኞቹ የአፓርትመንት ማኔጅመንቶች (ሕንፃውን እያስተዳደሩ የሚያከራዩ ድርጅቶች) ደግሞ ግብር ያልተነሣለት ገቢ የኪራዩን ሦስት እጥፍ እንዲሆን ይፈልጋሉ። 5,469 ለሦስት ሲካፈል 1,823 ነው፤ በዚያ ዋጋ በአካባቢው ያገኙት ባለ አንድ መኝታ ብቻ ነበር። ባለ ሦስት መኝታ ያዩት በ2,650 ዶላር ነው፤ እሱን ለመከራየት በወር 7,950 ዶላር ማግኘት ይኖርባቸዋል። ሁለት ሰው ሙሉ ሰዓት በካውንቲው ዝቅተኛ ክፍያ ሲሠራ እንኳ ድምሩ 5,945 ስለነበረ፣ ባለ ሦስት መኝታው ለእንዲህ ዓይነቱ ቤተሰብ በሒሳብ የተዘጋ በር ነበር። የካውንቲው ዝቅተኛ ክፍያ ከፍ ያለ መሆኑን የሚያወድሱ ሰዎች ይህን ማካፈል አንድ ጊዜ ሠርተው ቢያዩት መልካም ነው።

አባትየው በዚህ ጊዜ ያቀረቡት መፍትሔ ማንኛውም አዲስ አበቤ የሚያቀርበው ነበር፤ የስድስት ወር ኪራይ በአንዴ ልክፈል አሉ፣ ገንዘቡንም ከዘመድ አዝማድ ሊበደሩ አስበው። በአዲስ አበባ ለብዙ ዘመን ቅድሚያ ክፍያ ማንኛውንም የአከራይ ጥርጣሬ ያስወግድ ነበር፤ ዛሬ እዚያም የ2016ቱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ መቀበልን ከልክሏል። የማኔጅመንት ቢሮው ሠራተኛ ግን ገንዘቡን አልፈለጉትም። በሜሪላንድ ሕግ የመጨረሻውን ወር ኪራይ አስቀድሞ መቀበል ራሱ እንደ ማስያዣ ይቆጠራል፤ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ደግሞ አከራይ በመደበኛው ሁኔታ ከአንድ ወር ኪራይ በላይ ማስያዣ መውሰድ አይችልም። ቀድሞ ሁለት ወር ነበር። ከልክ በላይ የወሰደ አከራይ የትርፉን እስከ ሦስት እጥፍ ሊከፍል ይችላል፤ ስለዚህ ጠንቃቃ ድርጅት ብዙ ወር በአንዴ ልክፈል የሚለውን ሰው ይሸሻል። ተከራይን ለመጠበቅ የወጣው ሕግ ለአዲስ መጤ የነበረችውን አንዲት መግቢያ ቀዳዳም ዘጋ። በሌላ በኩል ያው ሕግ የማስያዣውን ወጪ በግማሽ ቀነሰላቸው።

ሁለተኛው ጥያቄ የሰው ብዛት ነው። የፌዴራሉ የቤቶች መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1998 ይፋ ያደረገው መመሪያ ለአንድ መኝታ ቤት ሁለት ሰው የሚለውን መመዘኛ በአጠቃላይ ተገቢ አድርጎ ይወስደዋል፤ ሆኖም የክፍሎቹ ስፋትና የልጆቹ ዕድሜ እንዲታዩ ያዛል። ልጅ ስላለው ብቻ ቤተሰብን አላከራይም ማለት እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣ ሕግ የተከለከለ ነው። በተግባር ግን ሁለት ቢሮዎች አምስት ሰው በሁለት መኝታ አይገባም ብለው መለሷቸው። ቤተሰቡ ያተኮረው ከሁለቱ መኝታ ቤቶች ሌላ በር ያለው ትንሽ ተጨማሪ ክፍል ባላቸው አሮጌ ሕንፃዎች ላይ ነበር፤ የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጅ እዚያ ትሆናለች፣ ወንዶቹ አንዱን መኝታ ይጋራሉ። አሮጌ ሕንፃ መምረጡ ሌላም ጥቅም ነበረው። ሞንትጎመሪ ካውንቲ በ2023 እ.ኤ.አ. ያጸደቀውና በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የኪራይ ማረጋጊያ ሕግ ዓመታዊ ጭማሪው ከዋጋ ንረቱ ላይ ሦስት መቶኛ ተደምሮ ወይም ስድስት መቶኛ፣ ከሁለቱ ካነሰው እንዳያልፍ ይገድባል፤ ነገር ግን 23 ዓመት ያልሞላቸውን ሕንፃዎች አይነካም። የመዋኛ ገንዳና የሚያብረቀርቅ ወጥ ቤት ያለው አዲስ ሕንፃ በሁለተኛው ዓመት ምን እንደሚጠይቅ የሚያውቅ የለም።

በዚህ ፍለጋ አራት ቦታ አመለከቱ። ለእያንዳንዱ አዋቂ 50 ዶላር የማመልከቻ ክፍያ ስለነበረ 400 ዶላር ወጣ፤ ሦስቱ ውድቅ ሆኑ። በሜሪላንድ ሕግ ከጥቂት ቤቶች በላይ የሚያከራይ ድርጅት ከ25 ዶላር በላይ ካስከፈለ ለማጣሪያው በእርግጥ ያላዋለውን መመለስ አለበት። ይህን ያወቁት ዘግይተው ነው፤ ሲጠይቁ ከአንዱ ቦታ ብቻ ተመለሰላቸው። በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ባለ ሦስት መኝታ በ1,500 ዶላር አለ፣ ቁልፉ በፖስታ ይላካል፣ ማስያዣውን ዛሬ ላኩ የሚል ማስታወቂያም አጋጥሟቸው ነበር፤ የአክስት ልጅ ባለቤት ወደ ቤቱ በመኪና ሄደው ሲያዩት ሰው ይኖርበታል።

የገቢውን ጉድለት የሞላው የፓርኪንግ ሥራ ነው። አባትየው ቅዳሜና እሑድ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ 16 ሰዓት በ17.50 ዶላር ጀመሩ፤ ወርኃዊ ገቢው በ1,213 ጨምሮ 6,682 ዶላር ደረሰ። በሲልቨር ስፕሪንግ ዋይት ኦክ አካባቢ የተገኘው ባለ ሁለት መኝታና አንድ ትርፍ ክፍል ቤት ኪራዩ 2,080 ዶላር ስለነበረ ሦስት እጥፉ 6,240 ነው፤ አለፉ። ክሬዲት ግን ገና አልነበራቸውም። በጥቅምት ገንዘብ አስይዘው የሚያወጡት ዓይነት ክሬዲት ካርድ ከፍተዋል፤ የተለመደው የክሬዲት ውጤት የሚወጣው ግን ቢያንስ ስድስት ወር ያስቆጠረ ሂሳብ ሲኖር ነው። ቢሮው ዋስ ጠየቀ።

ከዚህ በኋላ ያለው ከገንዘቡ ሁሉ ይልቅ ቤተሰቡን ያስጨነቀ ነው። ዋስ መሆን የሚችለው በገቢም በክሬዲትም ብቁ የሆነው የአክስት ልጅ ባለቤት ብቻ ነበሩ። እኚህ ሰው አራት ወር ቤታቸውን ሰጥተዋል፤ ልጆቹን በየማለዳው ወደ አውቶቡስ አድርሰዋል። ዋስነቱን ሲጠየቁ ግን ዝም አሉ። በኢትዮጵያ ለብድር ወይም ለሥራ ዋስ የሆነና የደረሰበትን ያየ ሰው ለምን ዝም እንዳሉ አይጠፋውም። በአንድ ወገን፣ ያለ እሳቸው ፊርማ ቤተሰቡ ከቤዝመንታቸው አይወጣም፤ በሌላ ወገን፣ ፊርማው ተከራዩ ያልከፈለውን ኪራይ፣ ያበላሸውን ዕቃና የክርክር ወጪ ሁሉ እሳቸው ላይ ያመጣል፤ የራሳቸውን የቤት ብድር ለማደስ በሚያስቡበት ጊዜም ሊያደናቅፋቸው ይችላል። በቀጥታ እምቢ ማለት ደግሞ በአክስት ልጅ ቤተሰብ መካከል የማይታሰብ ነው። ነገሩ በዝምታ ሁለት ሳምንት ቆየ። እናትየው ቅር ተሰኙ፤ የአክስት ልጅ በሁለቱ መካከል ተጨነቁ።

መፍትሔው የመጣው አባትየውና የአክስት ልጅ ባለቤት የዋስትናውን ወረቀት ከፊት ለፊት አድርገው አንቀጽ በአንቀጽ ሲያነቡት ነው። ወረቀቱ ውሉ በታደሰ ቁጥር ዋስትናውም እንደሚቀጥል ይላል። አባትየው ቢሮውን ጠይቀው ዋስትናው ለመጀመሪያው ዓመት ውል ብቻ እንዲሆን በጽሑፍ አስቀየሩ፤ ኪራዩ በየወሩ ሲከፈልም ደረሰኙ ለዋሱ ጭምር በኢሜይል እንዲደርሳቸው አደረጉ። ሰውየው ፈረሙ። የዋስትና ጥያቄ በዝምድና ብቻ ሲቀርብ ለተጠያቂው እምቢ የሚልበትም የሚያስተካክልበትም መንገድ አይተውለትም፤ ጊዜውና ልኩ ተለይቶ በወረቀት ሲቀርብ ግን ሊመክሩበት የሚችሉት ጉዳይ ይሆናል። ይህን ከመጀመሪያው ወር አንሥቶ መነጋገር ይገባ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ለመግቢያ የሚያስፈልገው የመጀመሪያ ወር ኪራይና ማስያዣ 4,160 ዶላር ነበር። ይዘውት የመጡት ገንዘብ ለመዋጮ፣ ለክረምት ልብስ፣ ለማመልከቻና ለአሮጌ መኪና አልቆ ነበር። ክፍተቱን የሞላው ዕቁብ ነው። በአካባቢው ያሉ አሥር ሰዎች በወር 500 ዶላር የሚጥሉበት ዕቁብ ሲጀመር የመጀመሪያው ዕጣ በስምምነት ለእነሱ ተለቀቀ፤ 5,000 ዶላር ያለ ወለድ። ከባንክ በዚያ ጊዜ ሊገኝ የማይችል ገንዘብ ነው። ጉድለቱ ዕቁብ በታማኝነት ዘጠኝ ወር ቢጣልም ክሬዲት ላይ አንዲት ነጥብ አለመጨመሩ ነው፤ ለዚህም ነው ካርዱን ጎን ለጎን በትንሽ በትንሹ እየተጠቀሙ በወቅቱ የከፈሉት።

ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ገቡ። የቤቱን ጉድለት ከአከራዩ ጋር ሆኖ ለማየት ተከራይ በገባ በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መጠየቅ ስለሚችል ጠየቁ፤ ምንጣፉ ላይ የነበረው ቃጠሎና የመታጠቢያ ቤቱ ሻጋታ ተመዘገበ። ማስያዣው ሲወጡ በ45 ቀን ውስጥ የሚመለሰው ከዚህ መዝገብ ጋር ተነጻጽሮ ነው።

የቤቱ ወጪ በኪራይ አላበቃም። ኪራዩ ከገቢው 31 በመቶ ገደማ ነው፤ የዕቁቡ 500 ሲጨመር 39 በመቶ ይጠጋል። ቤቱ የሚሞቀው በኤሌክትሪክ ስለሆነ የየካቲት ሒሳብ 240 ዶላር መጣ፤ የትርፍ ክፍሉን መስኮት በፕላስቲክ ከሸፈኑ በኋላ ቀነሰ። የመኪናው ኢንሹራንስ በወር 230 ዶላር ነበር፤ አባትየው በአዲስ አበባ ለአሥራ ስድስት ዓመት መኪና ነድተዋል፣ ኢንሹራንሱ ግን እንደ ጀማሪ ቆጠራቸው። ትምህርት ቤት ላይ ዕድለኞች ነበሩ። በዚያ የካውንቲው ክፍል ሦስት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተማሪ በምርጫ የሚመደብባቸው ስለነበሩ ሴት ልጃቸው ሳትቀይር ቀጠለች፤ ወንዶቹ ግን ቀጠናቸው ስለተለወጠ ሁለተኛ ትምህርት ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ አዩ። ትንሹ እንግሊዝኛው ገና ሳይጠና ስለነበር አዲሱን አስተማሪ ለመልመድ እስከ ፋሲካ ፈጀበት።

የእናትየው ሥራ ወደ ሌሊት የተቀየረው በዚህ ወቅት ነው። ሕፃናት የሚያቆዩ ድርጅቶች ለትንሹ ልጅ ከትምህርት ቤት መልስ ላለው ሰዓት የጠየቁት ገንዘብ የእናትየውን ግማሽ ቀን ገቢ የሚበላ ስለነበረ፣ ባልና ሚስቱ ፈረቃ ተለዋውጠው ቤት ለመጠበቅ ወሰኑ። ገንዘቡ ዳነ፤ እሁድ ማታ ካልሆነ በቀር ግን አምስቱ አብረው ማዕድ አይቀርቡም። የነርስነት ፈቃዱን የማስመለስ ዕቅድም ወደ ኋላ ተገፋ፤ እኔ እንደማየው ከኪራዩ ሁሉ ውድ የሆነው ወጪ ይህ ነው፣ ምክንያቱም ፈቃዱ ሲገኝ የሚመጣው ገቢ የፓርኪንጉን ሥራ አላስፈላጊ ያደርገው ነበር።

በካውንቲው ሕግ የኪራይ ጭማሪ ከ90 ቀን በፊት በጽሑፍ መነገር ስላለበት ማሳወቂያው በጥቅምት 2018 ዓ.ም. መጨረሻ ደረሳቸው፤ ኪራዩ ወደ 2,165 ዶላር ከፍ ይላል፣ ጭማሪው አራት መቶኛ ገደማ ነው። ዕቁቡ ቀደም ብሎ በመስከረም አብቅቶ ነበር። አባትየው ውሉን ለማደስ ከመፈረማቸው በፊት የክሬዲት ውጤታቸውን አያይዘው ዋሱ በስምምነቱ መሠረት እንዲሰናበቱ በጽሑፍ ጠየቁ፤ ቢሮው ተቀበለ፣ የስንብቱም ደብዳቤ ለአክስት ልጅ ባለቤት ተላከ። እናትየው በጥር ለነርስነት ፈቃዱ የትምህርት ማስረጃቸውን ለግምገማ አስገብተዋል።